ሟ የሌለው ስልክ

«በእኔ ስልክ ይሠራል» አልኩ፤ ደገምኩ፤ አልኩ ሠልሼ፤
በሰብሳቢው ሳምሰንግ አሳየሁ፣ መስታወቱን በእጅጌዬ አብሼ።
ፒያሳ ስልክ ቤት በውሰት በሞከርኩት በሦስቱም ሮጧል፤
በእማ ራህመት ቴክኖ ላይ ግን አንዳች ነገር ጎድሏል።

(ፕላስተር ያሰረው ስልክ ነው፣ ከልጇ የወረሰችው፣
ማሻሻያ የሚሉት እንግዳ ደጁን ረግጦ የማያውቀው።)

መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ ስልኩን ከመስኮቱ አስጠግታ፣
የጦሳ ጉም ገለጥ ክድን ሲል እሷም አፍጥጣ ቆይታ፣
«ምነው ልጄ?» አለችኝ፣ «ምን በደልንህ እኛ?
ሰዉን በቁሙ ሳጥን ከተትከው፣ ሳይታመም ሳይተኛ?»

አየሁት።
ሷሊህ፦ ሳጥንና «ሊህ»። ጓንጉል፦ ሳጥንና «ንጉል»።
የሰፈራችን ስም ደግሞ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሁለት ሳጥን፤
በመካከላቸው አንዲት «ን»፣
ለቅሶ ደርሳ መቀመጫ ያጣች ሴት መስላ
ቀጥ ብላ።

ከሥር ከሥሩ ብፈትሽ ነገሩ ይኸው ነበር፦
የስልኩ ፎንት ከሀ እስከ ፐ ቆጥሮ «ጨረስኩ» ብሏል፤
በልጅነታችን «ዲቃላ» እየተባሉ
ከገበታው ግርጌ የተደረደሩትን ዘልሏል።

የሰብሳቢው ልጅ አይፎን ላይስ? ፊደሉ አንድም አልጎደለ፤
ጳጉሜ ብቻ የለም።
ዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ላይ፣ እንደ አዝዋ ገደል፣ ተቆርጧል፤
ጳጉሜ ሦስት የከፈለ ሰው ወር አጥቶ ተንጠለጠለ።
ለእሱ ሐረጎን በሚኒባስ ወረድኩ፣ ጆሮዬ እየተደፈነ፣
ኮምቦልቻ፣ ማክ በሰዓት የሚያከራይ ልጅ ዘንድ፤
ግማሽ ቀን ፈልጌ ጥፋቱ የኔው ሆነ፦
ወሩን አሥራ ሁለት ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ።

እማ ራህመት ግን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበችው።
ሁለት ዓምድ፤ አንዱ «ሟች»፣ አንዱ «ቋሚ»።
በእሷ ስልክ ሳጥን «ች»፣ ሳጥን «ሚ»።
«እዚህስ አልተሳሳተም፤ ሟችን ከቋሚ ምን ለየው?
ከፊት ሁላችን እኩል ነን፤ ልዩነታችን ጭራው ነው።
ደግሞ እኔ በከፈን ነው የምሄደው፣ ሳጥን ምን ይሠራልኛል?
ድርሻዬን ለጓንጉል ስጠው፣ ለእሱ ይሆነዋል»
ብላ ሳቀች።

የራሴን ፎንት ሸክፌ ከመተግበሪያው ጋር ብልከው
ስልኩ «ቦታ የለም» አለ፤ እስከ አፉ ሞልቶ ነው።
ምኑ ሞላው ብለን ከፈትን፦
አንድ ቪዲዮ፣ ሠላሳ አንድ ሰከንድ፣
ልጇ ቦርከና ዳር ባጃጅ ሲያጥብ፣ ውሃውን ወደ ካሜራው ሲረጭ።
«ሰርዘው» እንዳትለኝ ፈራሁ።
«አትንካው» እንዳትለኝም ፈራሁ።
ምንም አላለች።

ሌሊቱን ፊደል ስቀንስ አደርኩ።
የመዝገቡን ስም አንድ በአንድ በትኜ፣
ማንም የማይጠራበትን ላስወጣ፦
ኟ ይውጣ፤ ዧ ይውጣ፤ ጷ ይውጣ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ
እጄ እምቢ አለ።
ነገ የሚወለደው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ማን ነገረኝ?
ቧንቧ ውሃ ላይ በረኛ ማን አደረገኝ?
መለስኳቸው፣ ሁሉንም።
በምትካቸው አርማውን ጣልኩ፣ ሰብሳቢው ሦስት ሳምንት የተሟገተለትን፣
ሲከፈት የሚሽከረከረውን ክብ ጣልኩ፣ እኔ የምኮራበትን።

ጠዋት ጫንኩላት። ገባ። ለጥቂት።
ቪዲዮው እንዳለ ነው።
ጣቷን «ሟች» ላይ አሳረፈች፤ «ሟ» እግሯን ዘርግታ ቁጭ ብላለች።
ከሥሩ ሦስተኛው ስም ጧሂር ነው፤
እስከ ትናንት ሳጥንና «ሂር» ነበር።
አነበበችው፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።
ከዚያ ስልኩን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረገችው፤
«አሁን ገና» አለች፣
«አሁን ገና ተረዳ።»